ሦስት እሑድ የተነበበ ማስታወቂያ፦ አንዲት የቶሮንቶ ቤተክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በህግ ያስመዘገበችበት ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ወሬ ሲነሳ ሁሌም ሃይማኖት በአንድ ወገን መብት በሌላ ወገን ተሰልፈው ነው የሚቀርቡት። አማኝ ከሆንክ ትቃወማለህ፣ ከደገፍክ ደሞ እምነትህን ጥለሃል፣ በቃ። እኔ በዚህ አከፋፈል አልስማማም፣ ሰውም ይጎዳል ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም መሀል ላይ ያሉትን፣ ማለትም እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን የሚሄዱ፣ የሚፀልዩ፣ የሚዘምሩ፣ ያፈቀሩትንም ሰው በጉባኤያቸው ፊት ማግባት የሚፈልጉትን ሰዎች ጭራሽ እንዳልተፈጠሩ ያደርጋቸዋል።

ከዚህ በታች የፃፍኩት ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ላይ የሆነ ነገር ነው። የመረጥኩትም እዚህ ጋ ቤተክርስቲያኗ ደጋፊ ሆና ዳር ላይ ስላልቆመች ነው፣ ራሷ ናት አጋቢዋ፣ ራሷ ናት ከሳሿ። ያሸነፈችበትም የተሸነፈችበትም ነጥብ አለ፣ ሁለቱም ያስተምራሉ። ሰዎቹን በስም አልጠራም፣ ዓመቶቹ በሙሉ ደሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ቤተክርስቲያኗ ሜትሮፖሊታን ኮሚኒቲ ቸርች ኦፍ ቶሮንቶ ትባላለች። እሷ ያለችበት የቤተክርስቲያኖች ህብረት የተጀመረው በ1968 አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው፣ ወንድ በማፍቀሩ ምክንያት ከአገልግሎት የወጣ አንድ የጴንጤቆስጤ ፓስተር ሳሎኑ ውስጥ 12 ሰው ሰብስቦ አምልኮ ጀመረ፣ ከዛ ወደ ሌሎች ከተሞችና ሀገሮች ተስፋፋ። የቶሮንቶዋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለች። እዛ ውስጥ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶችን በፀሎት መባረክ የቆየ ልማድ ነው። ግን ከቡራኬው በኋላ መንግስት ጋ ሲኬድ ወረቀት የለም። አንዱ ሆስፒታል ቢተኛ፣ አንዱ ቢሞት፣ ውርስ ቢመጣ፣ በጉባኤ ፊት የተገባው ቃል ኪዳን ባል ወይም ሚስት አያስብልም ነበር።

የህጉ ሁኔታ ደሞ እንዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ የጋብቻ ስልጣን ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ማን ማንን ማግባት ይችላል የሚለው የፌደራል መንግስቱ ነው፣ ጋብቻው እንዴት ይፈፀማል የሚለው ደሞ የክፍለ ሀገሩ። በሚገርም ሁኔታ ኦንታሪዮን በሚመለከት ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብሎ የሚከለክል የፌደራል የጋብቻ አዋጅ አልነበረም። የነበረው በ1866 እንግሊዝ ሀገር አንድ ዳኛ የተናገሩት፣ ካናዳም ከእንግሊዝ በወረሰችው የፍርድ ቤት ህግ በኩል የያዘችው ትርጉም ነው። ያ ክስ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ምንም የሚያነሳው ነገር አልነበረም፣ ያኔ ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅድ የነበረው የሞርሞን ሃይማኖት ተከታይ የነበረ ሰው አሜሪካ ውስጥ ዩታ ላይ ያገባትን ሚስቱን እንግሊዝ ፍርድ ቤት መጥቶ ልፍታ ሲል የተነሳ ነው፣ ጥያቄውም ከአንድ በላይ ማግባት የሚፈቀድበት ቦታ የተፈፀመ ጋብቻ እኛ ጋ ጋብቻ ይባላል ወይ የሚል ነበር። ዳኛው በሕዝበ ክርስትያን ዘንድ እንደሚታወቀው ጋብቻ ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ የፈቃደኝነት አንድነት ነው አሉ። ይቺ አረፍተ ነገር ናት እንግዲህ ከ130 ዓመት በላይ ተጉዛ ቶሮንቶ ላይ በር የዘጋችው። "በሕዝበ ክርስትያን ዘንድ" የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በሌላ በኩል በ1982 የመጣው፣ የካናዳ ህገ መንግስት አካል የሆነው የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር አለ፣ አንቀፅ 15 እኩልነትን ይደነግጋል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደሞ በ1995 ፆታዊ ዝንባሌ በዚህ አንቀፅ እንደሚጠበቅ ተናግሯል። በ1999 የኦንታሪዮ የቤተሰብ ህግ ቀለብን በሚመለከት ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ማግለሉ ከቻርተሩ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ፖለቲከኞቹ ግን ጥቅማ ጥቅሙን እንሰጣለን ጋብቻን ግን አትንኩ ነበር አቋማቸው። እዛው 1999 የፌደራሉ የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋብቻ የወንድና የሴት ሆኖ ይቀጥል የሚል ውሳኔ 216 ለ55 በሆነ ድምፅ አሳልፏል። ስለዚህ ከፓርላማ በኩል የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

ችግሩ

በ2000 የተወሰኑ ጥንዶች ቶሮንቶ ከተማ አስተዳደር ሄደው የጋብቻ ላይሰንስ ጠየቁ። የከተማው ሀላፊ እምቢም እሺም ሳይል ማመልከቻቸውን ይዞ ፍርድ ቤት ይምራኝ አለ። እንግዲህ በላይሰንስ በኩል መንገዱ እዚህ ጋ ቆመ፣ ገና ጋብቻው ሳይፈፀም ጠረጴዛ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የቤተክርስቲያኗ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። እሷ የምትለው እኔ ሀላፊነት ያለብኝ ቤተ እምነት ነኝ፣ ወንድና ሴት ሳጋባ መንግስት ይመዘግብልኛል፣ በእምነቴ መሰረት ሁለት ሴቶችን ሳጋባ ግን ያው እጅ ያው ፀሎት ያው ቃል ኪዳን ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ይመለስብኛል ነው። የሌላው ቤተ እምነት አስተምህሮ ህግ ሆኖ የኔው ግን የግል ቡራኬ ብቻ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጉዳይ ክብደት እዚህ ጋ ነው ያለው፣ የእምነት ነፃነት ሲባል ሁሌ የሚቃወመው ሰው ነፃነት ብቻ ተደርጎ ስለሚወራ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የኦንታሪዮ የጋብቻ ህግ ለማግባት ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ ላይሰንስ ነው። ሌላው በቤተክርስቲያን ማስታወጅ ነው፣ ማለትም እገሌና እገሊት ሊጋቡ ነው፣ በህግ የሚከለክል ምክንያት የምታውቁ ካላችሁ ተናገሩ ብሎ በአምልኮ ሰዓት በጉባኤ ፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። ይሄ ስርዓት በጣም ያረጀ ነው፣ በምዕራቡ ቤተክርስቲያን በ1215 በአራተኛው የላተራን ጉባኤ ለሁሉም የታዘዘ ነው፣ ዓላማውም በድብቅ የሚፈፀም ጋብቻንና የዘመድ ጋብቻን ለመከላከል ነበር። ብዙ ሰው ረስቶታል ግን ህጉ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ዋናው ነገር ምንድነው፣ በዚህ መንገድ ስትሄድ ከጋብቻው በፊት የመንግስት ሰራተኛ ፊርማ አያስፈልግህም። ቤተክርስቲያኗ ታውጃለች፣ ቤተክርስቲያኗ ታጋባለች፣ ከዛ በኋላ ነው ወረቀቱ ለምዝገባ የሚላከው።

የቶሮንቶዋ ቤተክርስቲያን ፓስተር ይሄን መንገድ ያዙ። ሁለት ጥንዶች ነበሩ፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች። ከዲሴምበር 2000 ጀምሮ ስማቸው በሦስት እሑድ አምልኮ ላይ ተነበበ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ሁሉም ነገር ልክ እንደማንኛውም ጋብቻ ነው የተሰራው፣ አንድም ነገር አልተዘለለም፣ ተቃውሞ ያለው ይናገር የሚለውም ጭምር። ይሄ ለታይታ የተደረገ ሰልፍ አይደለም፣ ህጉ ያለውን በሙሉ ማሟላት ነው።

ጃንዋሪ 14 ቀን 2001 ሰርጉ ሆነ። ዛቻ ስለነበር ፖሊስ ተመድቧል፣ ጋዜጠኛው ብዙ ነው፣ ፓስተሩ ከልብሰ ተክህኖው ስር ጥይት የማይበሳው ጃኬት ለብሰው ነው ያጋቡት። እስቲ አስቡት፣ አንድ አገልጋይ የሰዎችን እጅ አያይዞ ሊባርክ መሰዊያ ጋ ሲቆም ደረቱ ላይ ያ ነገር አለ። ጥንዶቹ ቃል ኪዳናቸውን ገቡ፣ መዝገቡ ላይ ፈረሙ፣ ምስክሮችም ፈረሙ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት ተሰጣቸው፣ ሰነዱም ለኦንታሪዮ የመዝገብ መስሪያ ቤት ተላከ።

መስሪያ ቤቱ አልመዘግብም አለ። ምክንያቱ የፌደራል ህግ ይከለክለኛል የሚል ነው። ቤተክርስቲያኗም ከሰሰች፣ ጉዳዩም ላይሰንስ ከጠየቁት ጥንዶች ጉዳይ ጋር አንድ ላይ ታየ። ችሎቱ ላይ ደሞ ሌሎች የሃይማኖት ሰዎችም በጣልቃ ገብነት ቀረቡ፣ በሁለቱም በኩል። በተቃውሞ ካቶሊኮች፣ ወንጌላውያንና ሙስሊሞች ያሉበት አንድ ጥምረት ገባ። በድጋፍ ደሞ የለዘብተኛ ረቢዎች ጥምረት ገባ፣ እነሱ እኛም በእምነታችን መሰረት እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ለማጋባት ፈቃደኛ ነን አሉ።

ጁላይ 12 ቀን 2002 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሦስቱም ዳኞች ተስማምተው ክልከላው ቻርተሩን ይጥሳል አሉ፣ ግን ፓርላማው እንዲያስተካክል 24 ወር ተሰጠው። የፌደራል መንግስቱ ይግባኝ አለ፣ ጥንዶቹና ቤተክርስቲያኗም ለምን እንጠብቃለን ብለው በበኩላቸው ተከራከሩ። ጁን 10 ቀን 2003 የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጋብቻ የሁለት ሰዎች የዕድሜ ልክ የፈቃደኝነት አንድነት ነው ብሎ ትርጉሙን አስተካከለ፣ መጠበቅ የለም ከዛሬ ጀምሮ ይሰራል አለ፣ የመዝገብ መስሪያ ቤቱም የጃንዋሪ 14ቱን ሁለት ጋብቻዎች እንዲመዘግብ አዘዘ። ሆላንድ በዓለም የመጀመሪያ ተብላ ህጓን ስራ ላይ ያዋለችው ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ነው፣ ስለዚህ እነዚህ ሁለት ጋብቻዎች በቀን ከዛ ይቀድማሉ ማለት ነው፣ ምንም እንኳን እውቅናው ከሁለት ዓመት በላይ ቢዘገይም።

ከዛ በኋላ ያለው ፈጠን ያለ ነው። በዛው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ መንግስት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ እንደማይል ተናገሩ፣ ረቂቅ ህግ ተዘጋጅቶ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስተያየት ተላከ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2004 መልሱ መጣ፣ ምክር ቤቱ ጁን 28 ቀን 2005 በ158 ለ133 አፀደቀው፣ ጁላይ 20 ህግ ሆነ።

የሰራው

ከሁሉ በፊት የሰራው መንገዱ ራሱ ነው። ቤተክርስቲያኗ ፍቀዱልኝ ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ክርክሩ ወደፊት ሊሆን ስለሚችል ነገር ይሆን ነበር። እሷ ግን በእጇ ያለውን የህግ ስልጣን ተጠቅማ ጋብቻውን ፈፀመችው፣ ስለዚህ ዳኞቹ ፊት የቀረበው የተፈፀመ ጋብቻ፣ የተፈረመ መዝገብ፣ የተመለሰ ወረቀት ነው። ይግባኝ ሰሚው ሲያሸንፉ አሁን ሂዱና ተጋቡ ብቻ አላላቸውም፣ የዛን ቀን የሆነው ይመዝገብ ነው ያለው። ይሄ ለጥንዶቹ ትልቅ ነገር ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ቃል የገቡበት ቀንና መንግስት የሚያውቀው ቀን አንድ ሆነላቸው።

ሁለተኛ የሰራው የሃይማኖት ሰዎች በሁለቱም ወገን መቀመጣቸው ነው። ያቺ "በሕዝበ ክርስትያን ዘንድ" የምትለዋ ሀረግ የምትቆመው ሃይማኖት በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ ካለው ነው። አንዲት ቤተክርስቲያን ከሳሽ ሆና፣ ረቢዎች አጠገቧ ቆመው፣ ሌሎች አማኞች ደሞ ከፊት ለፊት ተሰልፈው ሲታይ ግን ሃይማኖት እንዲህ ይላል ብሎ መደምደም ለማንም ከባድ ነው። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ረቂቁ አስተያየት በሰጠበት ጉዳይ ላይ ደሞ ከሀገሪቱ ትልልቅ የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያኖች አንዷ የሆነችው የካናዳ ዩናይትድ ቸርችና ዩኒቴሪያን የሚባለው የሃይማኖት ማህበር ምክር ቤት በድጋፍ ቀረቡ። ዩናይትድ ቸርች አቋሟን ቀድማ በ2003 ጠቅላላ ጉባኤዋ ላይ ወስናለች፣ ያ ውሳኔ ደሞ ከ1988 ጀምሮ፣ ለአገልግሎት መሾም በፆታዊ ዝንባሌ አይከለከልም ካለችበት ጊዜ አንስቶ፣ በከባድ የውስጥ ክርክር የመጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የ1866ቱ ትርጉም የተነገረው ጋብቻና ሃይማኖት አይነጣጠሉም ተብሎ ለሚታመንበት ማህበረሰብ እንደሆነ፣ የዛሬዋ ካናዳ ግን ብዙ ዓይነት እምነት ያለባት ሀገር እንደሆነች ገለፀ።

ሌላው ጥበቃው ነው። ጥንዶቹም ቤተክርስቲያኗም የማይፈልግ ቄስ ወይም ኢማም ይገደድልን ብለው አልጠየቁም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእምነት ነፃነት የሃይማኖት አገልጋዮችን ያለእምነታቸው እንዲያጋቡ በመንግስት ከመገደድ ይጠብቃቸዋል አለ፣ የ2005ቱ የፌደራል ህግም በአንቀፅ 3 ይሄንኑ ፃፈ፣ ኦንታሪዮም በዛው ዓመት በራሷ የጋብቻ ህግ ውስጥ አስገባችው።

ያልሰራው

የቤተክርስቲያኗ ዋና የሃይማኖት ክርክር ተሸንፏል። ይሄን ብዙዎች ሲያወሩ ይዘሉታል፣ መዘለል ግን የለበትም። ቤተክርስቲያኗ ያ የጋብቻ ትርጉም ከአንድ ወገን ሃይማኖት የመጣ ስለሆነ የእምነት ነፃነቴን ይጥሳል፣ በሃይማኖትም ያዳላብኛል ብላ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ሁለቱንም አልተቀበለም። ያለው ባጭሩ ይሄ ጉዳይ ስለ ጋብቻ የህግ ተቋምነት ነው፣ ስለ ሃይማኖታዊ ተቀባይነቱ አይደለም፣ ቤተክርስቲያኗም በስርዓቷ ከመባረክ የከለከላት የለም ነው። ድሉ የመጣው በአንቀፅ 15፣ በጥንዶቹ እኩልነት በኩል ነው።

እውነቱን ለመናገር ይሄ የዳኞቹ መልስ ለኔ ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ወንድና ሴት ስታጋባ መንግስት እንደ አጋቢ ሹም ቆጥሯት፣ ሁለት ሴቶች ስታጋባ ግን እንደ ግል ማህበር የሚቆጥራት ከሆነ፣ ነፃነቷ አልተነካም ማለት ይከብዳል። ግን ደሞ ውሳኔው የራሱ ጥቅም አለው፣ የህግ ጋብቻንና የሃይማኖት ጋብቻን ለየብቻ ማስቀመጡ በኋላ ለተቃዋሚዎቹም ጋሻ ሆኗል፣ የናንተን ስርዓት ማንም አይነካውም ለማለት ያስቻለው ያው መስመር ነው።

ሌላው ያልሰራው ነገር ጊዜው ነው። ከሰርጉ እስከ ይግባኙ ውሳኔ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ሄዷል፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ጥንዶቹ ለቤተክርስቲያናቸው ባለትዳር ለመንግስት ደሞ ላጤ ነበሩ። በእነሱና በአገልጋዩ ላይ የደረሰው ጫናም እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፣ የጃኬቱን ነገር እንደ አስገራሚ ታሪክ ብቻ የሚያነሱት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሌላ ቦታ ምን ይወሰዳል

የሃይማኖት ድጋፍ ሲባል ብዙ ቦታ መግለጫ ማውጣትና ፊርማ ማሰባሰብ ላይ ነው የሚያልቀው። እሱም ዋጋ አለው፣ በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ጉዳይ ሲያይ ወደ 2000 የሚጠጉ የሃይማኖት መሪዎች የድጋፍ ሰነድ ላይ ፈርመዋል። ከቶሮንቶው የሚወሰደው ግን መጀመሪያ እጃችን ላይ ምን ስልጣን አለ ብሎ መጠየቅ ነው። ቤተ እምነቱ የማጋባት የህግ ስልጣን ባለበት ሀገር አንዳንዴ በሩ አሮጌው ህግ ውስጥ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ ኖርዝ ካሮላይና ላይ በ2014 ዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት የምትባል የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች፣ ያ ክፍለ ሀገር ላይሰንስ የሌላቸውን ጥንዶች ያጋባ አገልጋይ በወንጀል ይጠየቃል የሚል ህግ ስለነበረው፣ ቤተክርስቲያኗ በእምነት ነፃነት ከሰሰች፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር 10 ክልከላው ተሻረ። እዛም ዳኛው የወሰነው በእኩል ጥበቃና በአግባቡ የመዳኘት መብት ነው፣ የሃይማኖቱን ክርክር ተመርኩዞ አይደለም፣ ልክ እንደ ኦንታሪዮው። ስለዚህ የእምነት ነፃነትን ክርክር ማንሳት ጥሩ ነው፣ በሱ ላይ ብቻ መደገፍ ግን አይመከርም፣ አጠገቡ የጥንዶቹ የእኩልነት ጥያቄ መቆም አለበት።

ስርዓቱን ሳያጎድሉ መፈፀም የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱ እሑዶች፣ ምስክሮቹ፣ ፊርማዎቹ ባይሟሉ ኖሮ መዝገብ ቤቱ በዛ ሰበብ ወረቀቱን መልሶት ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ በቀረ ነበር። የደህንነት ዝግጅትም ከመጀመሪያው የእቅዱ አካል መሆን አለበት፣ ለአገልጋዩም ለጥንዶቹም፣ ዛቻ ሲመጣ የሚታሰብበት ነገር አይደለም።

የማይስማሙትን የእምነት ሰዎች መብት ደሞ ደጋፊው ራሱ ቀድሞ ቢናገርለት ይሻላል። እኔ ይሄን የምለው ለስልት ብዬ አይደለም፣ የራሴ ቤተክርስቲያን እምነቷን እንድትኖር ከፈለግኩ የጎረቤቴም እንደዛው ልትኖር ይገባል። ካናዳ ላይ የቄሱ ነፃነት በህጉ ውስጥ በግልፅ ሲፃፍ የብዙ ሰው ስጋት ነው የተመለሰው።

ህጉ ሲለወጥ ቤተ እምነቶች አብረው ይለወጣሉ ብሎ መጠበቅም አያስኬድም። የካናዳ አንግሊካን ቤተክርስቲያን የጋብቻ ቀኖናዋን ለመለወጥ ያቀረበችው ሀሳብ በ2016 የመጀመሪያውን ድምፅ አልፎ ነበር፣ በ2019 ቫንኮቨር ላይ ግን ምዕመናኑና ካህናቱ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በላይ ደግፈውት ጳጳሳቱ ጋ ሲደርስ ጎደለና ወደቀ፣ ያውም ህጉ ከወጣ 14 ዓመት በኋላ። እስከ ዛሬም የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ የፈቀደበት ቦታ ይጋባሉ፣ ያልፈቀደበት ቦታ ያሉት ሌላ ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ ወይ ይጠብቃሉ።